ሲወጣ የሚናገር ምስክር

የእህቴ ልጅ፣ ባለፈው ስትደውልልኝ ድምፅህ ውስጥ የነበረው ንዴት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ማታ የጣልከውን መረብ ልታነሳ ጎህ ሳይቀድ ቀዝፈህ ሄደህ፣ ለምልክት ያሰርከው ሃይላንድ ጠፍቶ ባዶ ውሃ ሲጠብቅህ ሆድ እንዴት እንደሚባባ አውቃለሁ፤ በእኔም ደርሷል። ለዓሣ አስጋሪ መረቡ ለገበሬ በሬው ማለት ነው። የተወሰደብህ የአንድ ሌሊት ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ሳይሆን የነገው እንጀራህም ነው።

አሁን ባጃጅ ላይ የሚገጠመውን ዓይነት ጂፒኤስ ገዝተህ መረብህ ውስጥ ልትደብቅ፣ ሌባውን በስልክህ ተከታትለህ እቤቱ ልትይዘው አስበሃል። ሐሳቡን አልነቅፍም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ንብረቱን የማይጠብቅ ሰው ሌባን ያስለምዳል። ነገር ግን መሣሪያው የሚያየውንና የማያየውን ሳትለይ ብታምነው፣ ከጠፋብህ መረብ የሚበልጥ ነገር ያጠፋብሃል።

መጀመሪያ ጠባዩን እወቅ። ጂፒኤስ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣለት ምልክት ነው፤ ያ ምልክት ደግሞ ውሃ ሰንጥቆ አይወርድም። ከመረቡ ጋር የሰጠመ መሣሪያ አንድ ቃል አይነግርህም። ከላይ ተንሳፋፊው ላይ ብታስረውም ሌባው መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱኑ ነው። ብልሃቱ ውሃ በማያስገባ ዕቃ አሽገህ ከመረቡ ገመድ ጋር መስፋት ነው። ውሃ ውስጥ ሳለ ዝም ይላል፤ መረቡ ተጎትቶ ጀልባ ላይ ሲወጣ ሰማዩን ያያል፤ ሲም ካርዱ ኔትወርክ ሲያገኝ የት እንዳለ በቴክስት ይልክልሃል። ጣና ሐይቅ መሐል ኔትወርክ ከተቆራረጠ መልእክቱ ዘግይቶ ይደርስሃል። በየደቂቃው ንገረኝ ካልከው ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ንቃ ካልከው ደግሞ፣ በመሐሉ መረብህን አንስቶ ዓሣውን ለቅሞ መልሶ የጣለውን ሰው አያይልህም።

ሁለተኛ፣ ጂፒኤስ ቦታ እንጂ ሰው አያሳይም። ሜዳ ላይ እንኳ ጥቂት ሜትር ይስታል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲገባ ስሕተቱ ይብሳል። እኛ ሠፈር ጥቂት ሜትር ማለት በአንድ ቤትና በጎረቤቱ መካከል ያለው አጥር ነው። ስልክህ ላይ ያለችው ነጥብ አንዱ ጓሮ ላይ ብታርፍ፣ መረቡ ያለው ከአጥሩ ማዶ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምልህ ስላቃጠለኝ ነው። እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ በታየባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ መሆኑ ነው፣ ሁለት መረብ ጠፋብኝ። ማታ አጠገቤ ሲጥል ያየሁት ጎረቤቴን ብቻ ነበር። ጠዋት ገበያ መሐል፣ ሰው እየሰማ፣ ሌባ አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም፤ ቅርጫቱን አንስቶ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ነፋስ ዳር ላይ የከመረው እምቦጭ ሲነቀል መረቦቼ ከሥሩ ተጠቅልለው ተገኙ። ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ታረቅን። ልጆቹ ግን እስከ ዛሬ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእህል ነው፤ የፈሰሰ ስም አይለቀምም። ያኔ ያንተ መሣሪያ መረቤ ላይ ቢኖር ኖሮ ዝም ይል ነበር፤ ባትሪው እስካላለቀ፣ ኔትወርክም እስካለ ድረስ ዝምታው ራሱ መረቡ ከውሃ እንዳልወጣ ይነግረኝ ነበር። ዝምታውንም ማንበብ ተማር።

ሦስተኛ፣ ነጥቡ ወዳለበት ብቻህን አትሂድ፤ በሌሊት ጀልባ አስነስተህ አታሳድ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። መረብ ይገዛል፤ ጨለማ ውስጥ ውሃ የበላው ሰው ግን አይገዛም። የደረሰህን ቴክስት ከነሰዓቱ አስቀምጥ፣ ለማኅበራችሁ ሊቀመንበር አሳይ፣ ከእሱ ጋር ወደ ፖሊስ ሂድ። መረቡ ያንተ መሆኑን የሚያስረዳ ሌላ ምልክትም ይኑርህ፤ አንተ ብቻ የምታውቀው ቋጠሮ፣ ቀለሙ የተለየ ክር፣ ማኅበሩ የመዘገበው ቁጥር። ነጥቡ የሥጋ ዘመድህ ደጅ ቢያርፍስ? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ያን ጊዜ ሽማግሌ ይቅደም፤ መረቡ ይመለስ፣ ካሳ ይከፈል፣ ጥፋቱም በፊቱ ይነገረው። ሸፋፍነህ ግን አትለፈው፤ የተሸፋፈነ ስርቆት ነገ የሌላ ሰው ቤት ይገባል።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። አሜሪካ ሜይን በሚባለው ግዛት ሎብስተር የተባለውን የባሕር እንስሳ በወጥመድ የሚይዙ ሰዎች አሉ። አንድ ሰው ከ800 በላይ ወጥመድ መጣል አይፈቀድለትም፤ በየወጥመዱ ላይ መለያ አለ፤ ተንሳፋፊው በባለቤቱ ቀለም ይቀባል፣ ያው ቀለም ጀልባው ላይም ይታያል። የሰው ወጥመድ የነካካ ፈቃዱን እስከ መነጠቅ ይደርሳል። ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል ፈቃድ ያላቸው የሎብስተር ጀልባዎች ያሉበትን ቦታ የሚመዘግብ መሣሪያ እንዲይዙ ታዘዋል። የሚመዘገበው የባለጀልባው የራሱ አካሄድ ነው፤ በዚህ ተቆጥተው ፍርድ ቤት የሄዱም አሉ። እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ምስክር ያቆመ ሰው፣ ምስክሩ በእሱም ላይ እንደሚናገር ይወቅ።

ያንተም መሣሪያ መረብህን የት እንዳነሳህ ይመዘግባል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ሲወጣ፣ የወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚይዘው የልጆቹን ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አላውቅም ማለት አይቻልም። እዚያ የዘረጋኸው መረብ ተሰረቀብኝ ብትል፣ ከሌባ ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው ይሉሃል። ፈቃድህን አውጣ፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ አትጣል፣ ከወንዝ አፍ ራቅ። ያን ጊዜ ለማንም ሳታፍር የምታሳየው ምስክር ይኖርሃል።

ወጪው ደግሞ ለብቻህ አይከብድህ። ለየመረቡ አንድ አንድ መግዛት አያዋጣም፤ በማኅበር ጥቂት ገዝታችሁ በየመረቡ ብታፈራርቁት ሌባው የትኛው ላይ እንዳለ አያውቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ብዙዎቹ መልእክቱን ከአንድ በላይ ስልክ ላይ ይልካሉ። አንዱ ያንተ ይሁን፣ ሁለተኛው የሊቀመንበሩ፣ ሦስተኛው መረቡን ካንተ አጠገብ የሚጥለው የጎረቤትህ። አዎ፣ እጠረጥረዋለሁ ያልከኝን ሰው ነው የምልህ። ንጹሕ ከሆነ ለመረብህ ሁለተኛ ዓይን ይሆንሃል፤ ንጹሕ ካልሆነም ቁጥሩን ስትጠይቀው ነገሩ ይገባዋል። እኔ ያን ጎረቤቴን ገበያ መሐል ከመስደቤ በፊት “ማታ ምን አየህ?” ብዬ ብጠይቀው ኖሮ፣ ነፋሱ እምቦጩን ወዴት እንደነዳው ይነግረኝ ነበር።