የመሣሪያ ምክርና የሰው ኃላፊነት

ሰው በጽኑ ደዌ በተያዘ ጊዜ፥ ከሕመሙ ባላነሰ የሚያስጨንቀው ምን ማድረግ እንደሚገባው አለማወቁ ነው። በተለይም ካንሰር ምርጫው የበዛ በሽታ ስለሆነ ጭንቀቱን ያጠነክረዋል። ዛሬ ሕመምተኛው በዚህ ሰዓት የሚጠይቀው አዲስ መካሪ አግኝቷል፤ ይኸውም በጽሑፍ ሲጠይቁት በጽሑፍ የሚመልሰው፥ ቻትቦት የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው።

የዚህን መካሪ ጥቅም መካድ አይገባም። በእኩለ ሌሊት ቢጠይቁት አይሰለችም፤ አንዱን ነገር ዐሥር ጊዜ ቢያስደግሙት አይቈጣም፤ የሐኪሙንም ከባድ ቃል አቅልሎ ያስረዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፥ ለሰው መናገር ላፈረ ሕመምተኛ የመጀመሪያ በር ሊሆነው ይችላል።

ነገር ግን ያማረ አነጋገር ሁሉ እውነት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ የሚገኘው የብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ለቻትጂፒቲ ስለ ካንሰር ሕክምና 104 ጥያቄዎች አቅርበው፥ መልሶቹን የአሜሪካ ሐኪሞች ከሚከተሉት መመሪያ ጋር አመሳከሩ። 102ቱ መልሶች ቢያንስ አንድ ተገቢ ሕክምና ጠቅሰው ተገኙ፤ ዳሩ ግን ከነዚሁ 35ቱ ከመመሪያው ጋር የማይስማማ ሕክምናም ጨምረው ነበር። እንግዲህ አደጋው ስንዴውንና እንክርዳዱን በአንድ ቁና መስፈሩ ነው። ለማበጠር ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛው የጠየቀው ግን ያ ዕውቀት ስለሌለው ነው።

ስሕተቱ ሁሉ ቢታረምስ? ያን ጊዜም ሌላ ጥያቄ ይቀራል። በዚያው ዓመት የታተመ የብሪታንያ ጥናት፥ ከፕሮስቴት ዕጢ ያልወጣ ካንሰር የተገኘባቸውን 1,643 ወንዶች ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ተከታትሎ ነበር። ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸውም፥ በጨረር ቢታከሙም፥ መጀመሪያ በክትትል እንዲቈዩ ቢደረግም፥ በበሽታው የሞቱት በየወገኑ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ገደማ ነበሩ። ይሁንና በክትትል የቈዩት ዘንድ በሽታው ይበልጥ ተሠራጭቷል፤ ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ሽንትን መቈጣጠር አለመቻልን ሊያስከትል ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ የሚናገረው ሕመምተኛው እንጂ ቍጥሩ አይደለም።

መወሰን ማለት መልስ ማግኘት ብቻ ሳይሆን፥ ለሚመጣው ነገር ተጠያቂ መሆን ነው። ሐኪም ቢሳሳት በሕግም በኅሊናም ይጠየቃል፤ መሣሪያው ግን ስለ ትናንት ምክሩ ዛሬ አያዝንም። ስለዚህ ሕመምተኛው ከመሣሪያው መጠየቅን ይማር፤ ጥያቄውንም ይዞ ወደ ሐኪሙ ይሂድ። ሐኪሙም «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ከመቈጣት ይልቅ አስቀምጦ ያስረዳው፤ ሕመምተኛ ወደ መሣሪያ የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ሰው ጆሮውን ሲነፍገው ነውና።