የሁለተኛ ክፍል ደብተሮች

ልጄ፣ ሁለተኛ ክፍል በመመደብሽ ቅር እንዳለሽ እናትሽ ነግራኛለች። ሰባተኛና ስምንተኛ ማስተማር ነበር ምኞትሽ። እኔ ግን እንኳን ደስ ያለሽ ነው የምልሽ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከታች ክፍሎች አልወጣሁም፤ ላይ ያሉት መምህራን ሲያማርሩ የምሰማው ሁሉ እኛ ዘንድ ሳይያዝ ያለፈ ነገር ነበር። ክፍሉ በአንድ መምህር የሚያዝ «ሰልፍ ኮንቴይንድ» ስለሆነ ሒሳቡም፣ አማርኛውም፣ አካባቢ ሳይንሱም አንቺው ላይ ነው። ይከብዳል፤ ግን ልጁን ከጠዋት እስከ መልቀቂያ የምታዪው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

የቤት ሥራ ስትሰጪ ሰሌዳ አትሙዪ። የልጆችሽን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ደብተሩን ጥሎ ከብት ሊመልስ ወይ ውሃ ሊቀዳ ይሄዳል፣ ሲመለስ መሽቷል፣ መብራት ያለውም ይኖራል የሌለውም። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሁለቱ ክፍል ውስጥ የሠራውን የሚመስሉ፣ አንዱ ትንሽ ዘወር ያለ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ የመጨረሻዋን አምስት ደቂቃ ለቤት ሥራው ተዪለትና የመጀመሪያውን ጥያቄ አንቺ ፊት ይጀምረው። እዚያ ብቻውን መጀመር ካቃተው ቤት ወስዶ አይሠራውም። ወይ ታላቁ ይሠራለታል፣ ወይ ጠዋት ከሰልፍ በፊት አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ይገለብጣል። የገለበጡትን ማወቅ አያስቸግርም፤ ስህተታቸው መንታ ነው። ከተማ ያሉ ወላጆች የቤት ሥራ ሲያንስ መምህሯ ሰነፈች ይላሉ አሉ። ይበሉ። እናት ወይ አስጠኚ የሠራውን ደብተር ማረም እነሱን ማረም ነው።

አሁን ዋናው ነገር እርማቱ ነው። አንድ ልጅ 42 ሲቀነስ 17 ብለሽው 35 ብሎ ያመጣልሻል። ኤክስ አድርገሽ አትለፊ፤ ትንሽ ቆመሽ ዕዪው። ልጁ አልገመተም፣ አልቀለደምም። ከ7 ላይ 2 ቀነሰ፣ 5 አለ፤ ከ4 ላይ 1 ቀነሰ፣ 3 አለ። አንደኛ ክፍል እያለ «ትንሹን ከትልቁ ነው የምንቀንሰው» ብለን ያስተማርነውን አክብሮ ነው የሠራው። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰሌዳ ላይ «ተበደር» ብትይው ቃሉን ይይዛል እንጂ ነገሩ አይገባውም። ስንደዶ ወይ ቀጫጭን እንጨት አስመጪና አሥር አሥሩን በላስቲክ ይሰሩ። ቆርኪ ለአንደኛ ክፍል ቆጠራ ጥሩ ነው፣ ግን አይታሰርም። አራት እስርና ሁለት ነጠላ አስይዢውና «ሰባት ስጠኝ» በዪው። ሁለቱን ነጠላ ያይና እጁ ይቆማል፤ አትንገሪው፣ ዝም በዪ። ጥቂት ቆይቶ አንዱን እስር ራሱ ይፈታዋል። አሁን ሦስት እስርና አሥራ ሁለት ነጠላ አለው፤ ሰባቱን ሰጥቶሽ አምስት ይቀረዋል፣ አንድ እስር ደግሞ ሲሰጥሽ ሁለት እስር። ሃያ አምስት። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ «ተበደር» ብትይ ምን እንደምትይ ያውቃል። እሱን የሚመስሉ ደግሞ አሥር አሥራ አምስት ይሆናሉና ለሁሉም ባንዴ ይሠራልሻል።

«እትዬ፣ ስድሳ ልጅ ነው ያለኝ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ለአንድ ደብተር ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ሁለት ሰዓት ነው፣ ማንም አይችለውም። ስለዚህ የክፍል ሥራውን እነሱ ሲሠሩ እየዞርሽ እረሚ፤ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ሰልፍ አታሰልፊ፣ ክፍሉ ይረበሻል። የቤት ሥራውን ደግሞ በረድፍ ከፋፍዪው፦ ሰኞ የመስኮቱን ረድፍ፣ ማክሰኞ ቀጣዩን። በቀን አሥራ ሁለት ደብተር ከልብሽ ካየሽ በሳምንት ሁሉንም አዳረስሽ። የቀሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው መልሱን ሰሌዳ ላይ ያመሳክሩ። ያላየሽውን ደብተር ራይት አታድርጊ። ልጅ ይህን ቶሎ ያውቃል፤ ካወቀ በኋላ መሥራቱን ይተዋል።

ንባብን በተመለከተ በጩኸቱ አትታለዪ። ክፍሉ ባንድ ድምፅ ሲያነብ ከውጭ ለሚሰማ ርዕሰ መምህር ደስ ይላል፣ ግን ግማሹ የሚያነበው ከጓደኛው አፍ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ሲፈተሽ፣ ከሁለተኛዎቹ ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም። ልጆቹ ክፍል ሳይገቡ ቀርተው አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለው ልጅ በተከታታይ ምዘና እየታየ በነፃ ያልፍ ነበርና፣ ምዘናው ለይስሙላ በሆነበት ቦታ የማያነበው ልጅ አራተኛ ክፍል ድረስ ማንም ሳያየው ሄደ። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ሳያዩ በቃል የማነብነብን ችግር ከጥንት ያውቁታል። ልጁ ሀ ሁን በዜማ ከሸመደደ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚሁ ነው፤ የፊደሉ ተራ ሲዛባ ዜማው አያድነውም፣ ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል። አንቺም ምንባቡን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አስጀምሪ፣ ሥዕሉን በእጅሽ ሸፍኚ፣ መሐል ላይ ያለ ቃል ጠቁሚና «ይህ ምን ይላል?» በዪ። በቀን አምስት ልጅ ለብቻ ብታስነብቢ ይበቃሻል።

ቤት ውስጥ የሚያነብ ሰው የለም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። አያትየዋ ፊደል ባትቆጥርም ልጁ ሲንተባተብና ሲቀናው ትሰማለች። «ይህቺን አንቀጽ ለቤት ሰው ሁለት ጊዜ አንብበህ ና» ብለሽ ላኪው፣ እሷም እንደሰማች ጣቷን ታሳርፍበት። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም የማይጻፍ የቤት ሥራ ስጪ፦ አንድ እንቆቅልሽ ከቤት ተምሮ ይምጣ፣ የሰማውን ተረት ይንገር። ጠዋት «እንቆቅልሽ» ሲባባሉና አገር ሲሰጣጡ፣ እጁን አውጥቶ የማያውቀው ልጅ ሲናገር ትሰሚዋለሽ። ከነገሩት ውስጥ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፊው፤ የዚያን ቀን የንባብ ትምህርት ተገኘ ማለት ነው።

ሳይሠራ ለመጣ ልጅ አርጩሜ አታንሺ፣ ከክፍልም አታስወጪው። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ጠይቂው። አንዳንዱ እስክሪብቶው ስላለቀበት ነው፤ መሳቢያሽ ውስጥ ጥቂት ትርፍ እስክሪብቶ ይኑርሽ።

ኅዳር ሲገባ ወንበሩ ይሳሳብሻል፤ አጨዳና ውቂያ ነው። ያኔ ምዕራፍ ለመጨረስ አትሩጪ፣ የሚቀሩት ሲመለሱ ክፍሉ ሌላ አገር ይሆንባቸዋል። ያለፈውን አጥብቂ። ለሚቀረው ልጅ የሠፈሩን ልጅ አዛምጂለት፤ ማታ ማታ ገጹንና ሦስቱን ጥያቄ ያድርስለት። ወላጆቹን ደግሞ በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል ሳይሆን ቅዳሜ ገበያ ላይ ራስሽ አግኚያቸው። «ለምን ቀረ?» አትበዪ፣ «መቼ ትጨርሳላችሁ?» ብለሽ ቀኑን ያዢ።