በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ

ለእውቀት ሲባል የሰው ጤና እስከ ምን ድረስ ይከፈላል? ጥያቄው ሰፊ ነው፤ እኔ ግን ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1931 ማክስ ክኖልና ኤርንስት ሩስካ በርሊን ላይ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ሲሠሩ፣ ዓይን የማይደርስበትን የማየት በር ተከፈተ። ችግሩ ግን ሕዋስ በአብዛኛው የካርቦን፣ የናይትሮጅንና የኦክሲጅን ሥራ ነው፤ እነዚህ ቀላል አቶሞች ኤሌክትሮንን እምብዛም አይበትኑም። ምስሉ ይፈዛል። ስለዚህ ናሙናውን ከባድ አቶም ባለው ነገር መቀባት ግድ ሆነ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተለመደው ቀለም ዩራኒል አሲቴት ነው፤ የዩራኒየም ጨው፣ አቶማዊ ቁጥሩ 92። ምስሉን ጥርት ያደርገዋል፤ እሱስ አይካድም። ግን ዱቄቱ በትንፋሽ ከገባ ወይም ከተዋጠ ኩላሊት ይጎዳል፤ ጨረርም ያመነጫል፤ የተረፈው ፈሳሽ እንደ እጣቢ አይደፋም።

ታዲያ ዱቄቱን የሚመዝነው ማነው? ብልቃጡን የሚያጥበውስ? የሚያጥበው እጅና በጥናቱ ላይ ስሙን የሚጽፈው እጅ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ መለካት ማለት ይኸው አይደለም እንዴ?

«ጓንት አለ፣ ጥንቃቄ አለ፣ መጠኑም ትንሽ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ በጥንቃቄ አደጋው ይቀንሳል። ነገር ግን ሌላ መንገድ እያለ «ተጠንቀቅ» ብሎ ማለፍ ይበቃል ወይ?

ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ተመራማሪዎች ስስ ቁራጮችን ከኡሎንግ ሻይ በወጣ ጭማቂ ቀብተው በዩራኒየም ምትክ ሊያገለግል እንደሚችል አሳዩ። ሻይ እኮ ነው! በ2020 ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ኒዮዲሚየም አሲቴት፣ አቶማዊ ቁጥሩ 60፣ ከዩራኒየም ጋር የሚወዳደር ምስል እንደሚሰጥ ጻፉ። በሁሉም ናሙና ላይ እኩል ይሠራል አልልም። የዘመናት ምስሎች በዩራኒየም ስለ ተነሡ ማወዳደሩም ያስቸግራል።

የኔ መልስ ይህ ነው። ትንሽ የፈዘዘው ምስል ለጥያቄያችን መልስ ከሰጠ፣ ከዚያ በላይ ጥራት መፈለግ ለእውቀት ሳይሆን ለጌጥ ነው፤ ለጌጥ ደግሞ የሰው ኩላሊት አይከፈልም። ያለ ዩራኒየም የማይመለስ ጥያቄ ሲገጥም ግን ጠያቂው ራሱ ብልቃጡን ይያዝ፣ ራሱም ይጠበው። ያኔ ጥያቄው ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበር እጁ ይነግረዋል።