ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ሕፃን ልጃችሁ ካንሰር እንዳለበት ከተነገራችሁ ሰዓት ጀምሮ ከዘመድ ሁሉ የምትሰሙት «ቶሎ ውጭ አውጡት» የሚል ነው። አንዱ ህንድ ይላል፣ ሌላው ባንኮክ፤ አሜሪካ ያለችው አክስት ጎፈንድሚ ልክፈት ትላለች። ሁሉም ከፍቅር ስለሆነ አልነቅፋቸውም። እኔ የምመክራችሁ ግን አገር ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር እንድታውቁ ነው፤ የበሽታውን ትክክለኛ ስምና ሕክምናው የሚፈጀውን ጊዜ።

«ካንሰር ነው» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የደም ካንሰር አለ፣ የኩላሊት ዕጢ አለ፣ የዓይን ካንሰር አለ፣ ሊምፎማ አለ፤ ሕክምናቸውም የተለያየ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሆነ ጅማ በልጆች ካንሰር ሐኪሞች እጅ ይታከማሉ።

ጊዜውን በደም ካንሰር ላሳያችሁ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። በመጀመሪያው ወር ኬሞ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ከደሙ ይጠፋል። ልጁ ምግብ ይጠይቃል፣ ኳሱን ይፈልጋል፣ ቤተሰቡም ዳነ ብሎ እልል ይላል። አልዳነም። የተደበቀው የካንሰር ሕዋስ ገና አልተነቀለም፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ከቆመ በሽታው ይመለሳል፣ ሲመለስም ለማከም ይከብዳል። እንግዲህ አስቡት፤ ቤት ሸጣችሁ የያዛችሁት ዶላር በአራተኛው ወር ሲያልቅ ባዕድ አገር ላይ ምን ታደርጋላችሁ?

በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች መሆናቸውን የዓለም የጤና ድርጅት ይናገራል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕክምና መቋረጡ ነው። እዚሁ ተጀምሮ እስከ መጨረሻው የተወሰደ ኬሞ፣ ውጭ ተጀምሮ መሀል ላይ ከተቋረጠው ይሻላል።

መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፤ ለምሳሌ ሐኪሙ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ካዘዘ። ያኔ አትዘግዩ። የሆስፒታሉን የሕክምና ቦርድ ደብዳቤ አስጽፉ፤ የውጭ ምንዛሪ ስትጠይቁ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። የባዮፕሲውን ናሙና ራሱን ያዙ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ደላላ የሚነግራችሁን ዋጋ አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ስንት ዙር ነው? ስንት ወር ነው? ልጁ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢገባ ምን ያህል ይጨምራል? መልሱን ሆስፒታሉ ራሱ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የቤት ኪራዩንና የምግቡን እናንተ ደምሩበት። ስትመለሱ ማን እንደሚረከባችሁም ከመነሳታችሁ በፊት ከአገር ቤቱ ሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ጸበል አትሂዱ አልልም፣ እኔም አማኝ ነኝ። ግን ለጸበል ብላችሁ የኬሞ ቀን አታሳልፉ። ኬሞ ላይ ያለ ልጅ በሽታን የመከላከል አቅሙ ስለሚወርድ፣ ጸበሉን ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን አማክሩ። ሙቀቱ 38 ከደረሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ለልጁም በሚገባው መጠን እውነቱን ንገሩት። እናቱ ኮሪደር ላይ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ስታለቅስ ያያል፤ ካልነገራችሁት ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ቤት የቀሩትን እህት ወንድሞቹንም በየቀኑ ደውላችሁ አነጋግሯቸው።

ብቻችሁንም አትሁኑ። ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ማኅበርና ተስፋ አዲስ ይኸው መከራ የደረሰባቸው ወላጆች ያቋቋሟቸው ናቸው። ከክፍለ ሀገር ለመጣችሁ ማረፊያና ምግብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ታገኛላችሁ። ቤቱን ለሽያጭ ከማውጣታችሁ በፊት ሄዳችሁ አነጋግሯቸው።