የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን መሸሸግ ይገባዋልን?

ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ሬኮ ስንመለስ፣ ዲላ ላይ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ መዝገበ ቃላት ስንፈልግ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ዘይት የጠጣ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘን። ኦስቲን ሒሊ ስፕራይት የምትባለውን ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪና አጠጋገን የሚያስተምር ነው። የሬኮን ዳገትና የክረምቱን ጭቃ የምታውቁ ሳትስቁብን አትቀሩም። ቢሆንም ገዛነው።

የመጽሐፉ ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ጆን ሄይንስ የሚባል የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ በየመን፣ በኤደን ሳለ፣ ጓደኛው የተጎሳቆለች ስፕራይት ገዝቶ እንዲያግዘው ለመነው። የፋብሪካው መመሪያ ለተራው ባለመኪና የሚረዳ ሆኖ ስላላገኘው፣ ሞተሩን ሲፈታና መልሶ ሲገጥም ደረጃ በደረጃ ፎቶግራፍ አነሣ። በ1966 ያሳተማቸው 3,000 ቅጂዎች ሦስት ወር ሳይሞላቸው አለቁ።

ይህን ይዘን አንድ የዲላ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ገጾቹን በጥንቃቄ እያገላበጠ ብዙ ዝም አለ። ከዚያም «ልጆች፣ እኔ ስምንት ዓመት ቁልፍ አቀብያለሁ። አለቃዬ ካርቡሬተር ሊከፍት ሲል ‹ሂድ ሻይ አምጣ› ይለኝ ነበር። እንግዲህ በስንት ልፋት ሰርቄ የተማርሁትን ለሁሉ ብበትነው ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አለን።

እውነት ለመናገር መልስ አጣን። የሄይንስ መጻሕፍት ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሽጠው እንኳ በእንግሊዝ አገር ጋራዥ አልተዘጋም ብለን ልንከራከር አሰብን። ነገር ግን ስምንት ዓመት ከፍሎ ያገኘውን ሰው «በትን» ማለት ለእኛ ቀላል፣ ለእርሱ ከባድ ነው። የጌዴኦ አባቶቻችን እንሰቱንና ቡናውን ከዛፉ ጥላ ጋር አስማምተው የሚያለሙበትን ዘዴ ያለ መጽሐፍ ለልጆቻቸው አሳይተዋል፤ በ2023ም መልክዓ ምድሩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እነርሱ ግን ያሳዩት ለገዛ ልጆቻቸው ነው። ሄይንስ ያሳየው ለማያውቀው ሰው ነው፤ ያውም በዋጋ።

ስለዚህ መካኒኩን መውቀስ ትተን ወደ ራሳችን ተመለስን፤ እዚህ ላይ አፈርን። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ከፍተኛ ተማሪ የቀደሙ ፈተናዎችን ከነመልሳቸው በነፃ ሰጥቶን ነበር። ነጥብ እንዳይሻሙን ብለን ከፍራሽ ሥር ሸሸግናቸው። ከሬኮ አብሮን የወጣው ወንድማችን «የምታጠኑት ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀን ደብተር ነው አልነው። በዚያ ሴሚስተር ነጥቡ ስላልሞላ ተባረረ። ወረቀቱ ቢደርሰው ኖሮ ያልፍ ነበር ማለት አንችልም፤ ውሸታችን ግን ያው ውሸት ነው። መካኒኩ የደበቀው የከፈለበትን ነው። እኛስ ምን ከፍለንበት ነበር?

በዚሁ ክረምት ነገሩን ነገርነው። እርሱ አሁን በቡና መፈልፈያ ጣቢያ ሞተር ጠባቂ ሆኗል። ሰምቶን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ስለ ፈተናው አንዳች ሳይናገር መጽሐፉን እንድናውሰው ጠየቀን። የስፕራይት ሞተር በቤንዚን፣ የእርሱ በናፍጣ እንደሚሠራ ብንነግረውም፣ ሥዕሎቹን ማየት እንደሚበቃው ገልጾ ወሰደው። እስከ ዛሬ አልመለሰልንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።