ሳውንድ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ዝምታውን ስሙት

ቤቱ ሆኖ መዝሙር ለመቅረጽ፣ ፖድካስት ለመጀመር ወይም ለዩቲዩብ ትረካ ለማንበብ ያሰበ ወጣት ገንዘቡን ይዞ ሱቅ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «ጓደኛዬ የገዛው ዓይነት አለ?» ነው። እባካችሁ ይህን ልማድ እንተው። ጓደኛችሁ ራፕ ይቀርጽ ይሆናል፣ እናንተ ደግሞ በገና። የሁለታችሁ ፍላጎት ለየቅል ነው።

በገና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ማይኩ የሚሰጠውን ትንሽ ድምፅ ከፍ ለማድረግ ጌይኑን ብዙ ማዞር ግድ ይላል፤ የደካማ ሳውንድ ካርድ ገመና የሚወጣውም ያኔ ነው። ከአሥሩ አውታር ጋር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አብሮ ይቀረጻል። በኋላ በሶፍትዌር እናጠፋዋለን የምትሉ ካላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ሽሽታውን ሲያጸዳ የበገናውን ንዝረትም አብሮ ይነካካዋል። ለንግግርም ያው ነው። ፖድካስተሮች የሚወዱት ሹር ኤስኤም7ቢ ማይክ ቢያንስ 60 ዲሲቤል ጌይን ይፈልጋል፤ ውድ ማይክ ገዝቶ ይህን በማይችል ካርድ ላይ መሰካት ብርን መጣል ነው።

ስለዚህ ላፕቶፓችሁንና ማይካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ማይኩን ሰክታችሁ ጌይኑን ለድምፃችሁ እስከሚበቃ ድረስ አዙሩት፣ ሄድፎን አድርጉ፣ ከዚያ ዝም በሉ። መርካቶ ውስጥ ዝምታ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል፤ ማይኩን በጃኬታችሁ ጠቅልሉት። ከዚያ በኋላ የሚሰማችሁ ሽሽታ በአብዛኛው የካርዱ ነው። ሁለት ካርዶችን በተመሳሳይ ማይክ፣ ድምፁን እኩል አድርጋችሁ አወዳድሩ። የላፕቶፑን ቻርጀር ሰክታችሁም ነቅላችሁም ስሙ፤ ሲሰካ ብቻ «እምምም» የሚል ድምፅ ከመጣ ቤታችሁም ሊከተላችሁ ይችላል።

የጭብጨባና የሳቅ ቁልፍ ያለው ቪ8 የሚባለው ካርድ ለቲክቶክ ላይቭ ይሁን፣ አልቃወምም። ለቁም ነገር ቀረጻ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ኮንደንሰር ማይክ ካላችሁ 48 ቮልት የሚሰጥ ቁልፍ መኖሩን አረጋግጡ። ክራራችሁ ፒክአፕ ካለው ደግሞ «ኢንስት» የሚል ምልክት ያለው መግቢያ ያስፈልጋችኋል፤ ያለሱ ድምፁ ይደፈናል።

ስም ሲመሳሰል አትሸወዱ። ቤሪንገር ዩኤምሲ22 በ16 ቢት የሚቀርጽ ሲሆን፣ ዩኤምሲ202ኤችዲ ግን በ24 ቢት ይቀርጻል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጥንቃቄ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 192 ኪሎኸርዝ ግን ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ ለቪዲዮም ለንግግርም 48 ይበቃል።

ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ ካርዱ የራሱ አሲዮ ድራይቨር እንዳለው ጠይቁ። ድራይቨሩ ጥሩ ካልሆነ ዘማሪው የገዛ ድምፁን ዘግይቶ ስለሚሰማ ከዜማው ይወጣል። ቢያንስ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚል ቁልፍ ይኑረው፤ ድምፁን በላፕቶፑ ሳያዞር በቀጥታ ወደ ሄድፎኑ ይልካል።

ለብቻው የሚቀርጽ ሰው ስምንት መግቢያ ያለው ካርድ መግዛቱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ትልልቆቹ አብዛኞቹ የራሳቸው አዳፕተር ስለሚፈልጉ መብራት ሲጠፋ ቀረጻው እዚያው ይቆማል። ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚያገኘው ትንሹ ግን በላፕቶፑ ባትሪ ይሠራል። በልዩነቱ ብር ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ግዙ፤ ባዶ ግድግዳ የሚያስተጋባውን ድምፅ የትኛውም ካርድ አያስተካክለውም።

ያገለገለ ዕቃም አትናቁ፤ ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ ካልተንጫጫና የማይኩ መሰኪያ ካልተወላወለ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «ሳትገዙ አይከፈትም» ካለ አትጨቃጨቁ። አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።