ንጹሕ አልጋ፣ የጠገበ ሆድ፣ ወደኋላ የቀረ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የስዊዘርላንዷን ከተማ የዙሪክን የሕፃናት ማሳደጊያዎች የጎበኘ ሰው ነውር አያገኝባቸውም ነበር። ወለሉ ተወልውሏል፤ አንሶላው ነጭ ነው፤ ወተቱ በልክና በሰዓቱ ይሰጣል፤ የየሕፃኑ ክብደት ተመዝኖ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሆኖም በእነዚያ ንጹሕ አልጋዎች ውስጥ ካደጉት ልጆች ብዙዎቹ እንደ እኩዮቻቸው አይናገሩም፣ አይጫወቱም፣ ሰው ሲያዩ አይፈነድቁም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብለው የጠየቁት የአንዲት ሐኪም ታሪክ፣ ዛሬ እድገቱ የዘገየ ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅም ሆነ ለሶሻል ወርከሩ ትልቅ ትምህርት አለው።

ሐኪሟ ዶክተር ማሪ ማየርሆፈር (1909–1998) ይባላሉ። የሕፃናትና የሕፃናት አእምሮ ሐኪም ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከቤተሰባቸው የተነጠሉ ልጆችን አይተዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ወላጅ ላጡ የአውሮፓ ልጆች ትሮገን ላይ በ1946 የተቋቋመውን የፔስታሎዚ የሕፃናት መንደር ከጠነሰሱት ሰዎች አንዷ ናቸው። በ1957 ዙሪክ ውስጥ የሕፃናትን የአእምሮ ጤና የሚያጠና ተቋም መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ከ1958 እስከ 1961 ባሉት ዓመታት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በዙሪክ ማሳደጊያዎች የነበሩ ከ400 በላይ ሕፃናትን አንድ በአንድ ተከታተሉ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ያለ ጋብቻ የወለዱ እናቶች ልጆች ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ በፋብሪካና በግንባታ ሥራ ሊቀጠሩ ከጣሊያንና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሠራተኞች ልጆች ነበሩ፤ የሥራ ፈቃዳቸው ቤተሰብ ይዞ ለመኖር የማይፈቅድላቸው ወላጆች ቁጥር ቀላል አልነበረም። ድህነት ብቻ ሳይሆን ሕጉም ልጅን ከእናቱ ለይቷል።

አጥኚዎቹ ያዩት የአንድ ሕፃን ቀን እንዲህ ያለ ነው። ነርሷ መጥታ ሽንት ጨርቁን ትቀይራለች፣ ጡጦውን ትሰጣለች፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ለረጅም ሰዓት ብቻውን ነው። ጣሪያ ያያል፤ ጣቱን ይጠባል፤ አንዳንዱም ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያወዛወዘ ይውላል። መጀመሪያ ሰሞን ያለቅሳል። የሚመጣ ሰው እንደሌለ ሲገባው ማልቀሱንም ይተዋል። ዝም ያለ ሕፃን ደግሞ «ጨዋ ልጅ» ተብሎ ይመሰገናል። ከማሳደጊያዎቹ ብዙዎቹ የሕፃናት ነርሶች ማሠልጠኛም ስለነበሩ፣ ተለማማጆቹ ከክፍል ክፍል ይዘዋወራሉ። ልጁ ፊቷን ለምዶ ፈገግ ማለት የጀመረላት ልጅት በማግስቱ ሌላ ክፍል ትመደባለች።

ማየርሆፈር ከቪልሄልም ኬለር ጋር ሆነው ግኝታቸውን በ1966 በመጽሐፍ አወጡ። ያሳዩት ነገር ቀላል ቢመስልም አገሪቱን አስደንግጧል፤ ልጅ ምግቡ ሳይጓደል፣ ሳይታመም፣ ማንም ሳይመታው እድገቱ ሊዘገይ ይችላል። የጎደለው የኔ የሚለው ሰው ነው፤ ሲስቅ መልሶ የሚስቅለት፣ ድምፅ ሲያወጣ የሚያናግረው፣ ነገም ተመልሶ የሚመጣ ሰው።

ከዚህ ታሪክ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አጥፊ የሌለበት መሆኑ ነው። ነርሷ ሥራዋን ሠርታለች። ሐኪሙ መርምሯል። የማሳደጊያው ኃላፊ በጀቱን በአግባቡ አውሏል። የከተማው ባለሥልጣን ልጁን ጣሪያ ስር አስገብቷል። ሁሉም የየድርሻውን ሲወጣ፣ የልጁን ነገር ጠቅልሎ የያዘ አንድ ሰው ግን አልነበረም። መዝገቡ ላይ ኪሎው፣ ሙቀቱ፣ ክትባቱ ሁሉ ተጽፎ ነበር፤ «ይህ ልጅ ማን አለው?» የሚል ጥያቄ ግን ቦታ አልነበረውም።

ታሪኩ ሌላ ጎንም አለው፤ ሶሻል ወርከሮች ሊሸሹት አይገባም። ስዊዘርላንድ ውስጥ እስከ 1981 ድረስ ባለሥልጣናት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ከድኻ ቤተሰቦችና ካላገቡ እናቶች ወስደው ለገበሬዎች ጉልበት እንዲሆኑ ሰጥተዋል፣ በየማሳደጊያውም በትነዋል። በ2013 የፍትሕ ሚኒስትሯ ሲሞኔታ ሶማሩጋ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ ቀጥሎ በወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ ተጎጂ 25,000 ፍራንክ እንዲከፈል ተወሰነ። ያኔ «ለልጁ ጥቅም» የሚለው ቃል ከብዙ ፋይሎች ላይ ሰፍሮ ነበር። ስለዚህ ጄኔቫ ወይም ዙሪክ የምትኖር ኢትዮጵያዊት እናት «ሶሻል ልጄን ይወስድብኛል» ብላ ስትፈራ ፍርሃቷን አለማወቅ ነው ብሎ ብቻ ማለፍ አይገባም። ያገሩ ሰው ራሱ የቀመሰው ነገር ነው። ፍርሃቱ የሚለቃት ባለሙያው ልጁን ለመውሰድ ሳይሆን ቤቷን ለመደገፍ እንደመጣ በሥራው ሲያሳያት ነው።

ስዊዘርላንድ ከዚያ ታሪክ መማሯን ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ቤት ለቤት የሚሰጠው የልዩ ፍላጎት ቅድመ ትምህርት ነው። መሠረቱ ድሮ ተጥሏል። በጄኔቫ ኤዱአር ክላፓሬድ በ1912 በመሠረቱት የዣን ዣክ ሩሶ ተቋም፣ አሊስ ዴኩድር የተባሉ የልዩ ክፍል መምህርት ዘገምተኛ ልጅ በሚነካና በሚያዝ ነገር፣ በጨዋታ እንደሚማር አስተምረዋል። በዙሪክም ሃይንሪሽ ሃንዝልማን በ1931 የልዩ ትምህርት ፕሮፌሰር ሆነው ዘርፉን ዩኒቨርሲቲ አስገብተውታል። ቀድሞ የአካል ጉዳት መድን ወጪውን ይሸፍን ነበር፤ ከ2008 ወዲህ ኃላፊነቱ የካንቶኖች (የክፍላተ ሀገራቱ) ሆኗል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሕፃናት ሐኪሙ የልጁ እድገት መዘግየቱን ሲጠረጥር ወደ ምዘና ይልካል፤ ከተፈቀደ በኋላ ባለሙያዋ በቀጠሮ ወደ ቤት ትመጣለች። ቢሮ አትጠራም። ምንጣፉ ላይ ከልጁ ጋር ትቀመጣለች። ማንኪያና ኩባያ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ቤት ያለውን ሁሉ መጫወቻ ታደርጋለች። ልጁ ክዳኑን አንሥቶ ሲሰጣት ዝም ብላ አትቀበለውም፤ ዐይን ዐይኑን አይታ ትጠብቃለች፣ ድምፅ ሲያወጣ ትመልስለታለች። እናት አጠገቧ ተቀምጣ ታያለች፣ ቀጥሎም ራሷ ትሞክረዋለች፤ በሳምንቱ ውስጥ ያሉት የቀሩት ሰዓቶች በሙሉ የእናትና የአባት ናቸውና። ማየርሆፈር ጎድሎ ያገኙት፣ ተመልሶ የሚመጣው ሰው፣ አሁን የሥራ መደብ ሆነ ማለት ነው።

ይህም ሆኖ ሥራው አላለቀም። የንግግር ባለሙያ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ መድን፣ ካንቶን፣ አስተርጓሚ፤ ሁሉም የየራሱ ቀጠሮና ደብዳቤ አለው። ደብዳቤው በጀርመንኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይመጣል፤ እናት በልጅ ጭንቀት ላይ የጸሐፊና የተላላኪ ሥራ ይደረብባታል። ክሮቹን የሚቋጥር ሰው ካልተመደበ፣ ከአምስት ጥሩ ባለሙያዎች መካከል ልጁ ሊጠፋ ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ መንገዱ ይረዝማል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ልጇ በሦስት ዓመቱ ያልተናገረላት እናት መጀመሪያ «አባቱም ቆይቶ ነው የተናገረው» ትባላለች። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር፣ ከሪፈር ረጅም ቀጠሮ። በመሐል ጠበል ትወስደዋለች። ጤና ጣቢያው ጠበል መሄዷን አያውቅም፤ ሆስፒታሉ ጤና ጣቢያው ያለውን አያውቅም፤ ትምህርት ቤቱ ከሁለቱም የሰማው ነገር የለም። ሁሉን የምታውቀው እናቲቱ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ቁጭ አድርጎ የሚጠይቃት የለም።

ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት የተነሡት ብዙ ጊዜ ወላጆች ራሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ካወቁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ ልጅ ቤት ውስጥ በሚደበቅበት ዘመን «ይህ የኔ ልጅ ነው» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በ2021 እስካረፉ ድረስም አልደከሙም። ለአገር የሚበቃው ግን አንድ ማዕከል ሳይሆን የማዕከሉ መንፈስ በየቀበሌው ሲገባ ነው። ለዚህ መሠረት አለን። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቤቱ የምትዞር፣ እናቶችን በስማቸው የምታውቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ትክክለኛ ሥልጠናና ጊዜ ቢሰጣት፣ ተመልሳ የምትመጣው ሰው እሷ ልትሆን ትችላለች።

እንግዲህ የዙሪክ ታሪክ የሚያስተምረንን እንያዝ። ለእያንዳንዱ ልጅ በስም የሚታወቅ አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ ሲቀየርም ለተተኪው በአካል ያስረክብ። የልጁ ጉዳይ በአንድ ማህደር ይሰብሰብ፤ ቅጂው በወላጅ እጅ ይሁን። ባለሙያዎቹ እናትና አባት በተገኙበት አብረው ይምከሩ። ጠበል የሚወሰድ ልጅም ቢሆን ክትትሉ አይቋረጥ፤ እናቲቱን ከሁለት አንዱን ምረጪ ማለት ልጁን ማጣት ነው።

ወላጅም አይዘግይ። በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ ያልተቀመጠ፣ በዓመት ተኩሉ ያልተራመደ ወይም አንድ ቃል ያላወጣ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ መታየት አለበት። «ይደርሳል» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ልጁ በፍጥነት የሚማርበት ጊዜ ነው። ለሐኪሙም፣ ለሶሻሉም፣ ለትምህርት ቤቱም በመጀመሪያው ቀን የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፤ «የልጄን ጉዳይ ከዛሬ ጀምሮ የሚይዘው ማን ነው?» ስም ካልተሰጠን ጉዳዩ ገና አልተጀመረም።